ውኃ ሸሽ

በቺልማሪ ወደብ፣ በመሬት ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ፣
ማራገቢያው ቆሞ፣ መብራት እስኪመጣ ስንጠባበቅ፣
ኮበድ ብያፓሪ ገባ፣ ጫማውን በር ላይ ትቶ፣
የዛገ የቆርቆሮ ሳጥኑን በሁለት እጁ አንሥቶ።

"ካርታ አለኝ" አለ። ካርታው በላስቲክ ተጠቅሎ፣
ማኅተሙ ቢጫ ሆኗል፣ ዳሩ ተልጦ ቆስሎ።
"መሬቴን ፈልጊልኝ፣ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ አንድ፣
ከማንጎው ዛፍ ወደ ምሥራቅ፣ ስፋቱ ይኸን ያህል ክንድ።"

ኢንተርኔት የለም። ደግነቱ ፋይሉ እዚሁ ዲስኬ ላይ አለ፣
አንድ ቀያሽ በፍላሽ ሰጥቶኝ፣ ወደ ዳካ የኮበለለ።
ሼፕፋይል ይሉታል፤ ስሙ አንድ ሲሆን አካሉ ብዙ፣
ወንድማማች ፋይሎች ናቸው፣ አብረው ካልሆኑ የማይጓዙ፤
አንዱ ቅርጹን ይይዛል፣ አንዱ ተራውን ይቆጥራል፣
አንዱ ባለቤቱን ያውቃል፣ አንዱ "ምድር የት ናት?" ሲሉት ይመልሳል።
ያ የመጨረሻው የለም። ቀያሹ ረስቶት ቀርቷል።

ከፈትኩት። መንደሩ መጣ፤ ስሙ ሁሉ ግን ጥያቄ ምልክት፣
ቻር ኩሹምዲ በሚለው ፈንታ ስድስት መንጠቆ ተሰልፎበት።
"ምን ይላል?" አለኝ፤ ፊደል አያውቅም ኮበድ።
"ይጠይቃል" አልኩት።
"እኔም ስጠይቅ ነው የኖርኩት፣ ካንዱ ቢሮ አንዱ ስሄድ።"

ከዚያ የዓለምን ካርታ ከሥሩ አነጠፍኩ እንደ ሰሌን፣
መንደሩን ፈለግሁ ወንዛችን ጎን፤ አጣሁት፤ ማመን አቃተኝ ዓይኔን።
አሳነስኩ። ባንግላዴሽ ጠበበች፣ እስያ ተጠቀለለች፣
ያቺ ውኃ የገደላት መንደር ሰሃራ ላይ ተቀምጣለች!
አልጄሪያ ውስጥ፣ አሸዋ መሐል፣ ዝናብ መንገዱን በማያውቅበት አገር፣
አራት መቶ ሰባ እርሻ ተሰትሮ፣ ከነድንበሩ፣ ከነአጥር።

አፈርኩ። ልኩን በሌላ ልክ ቆጥሮት ነው ብዬ ላስረዳው ስል፣
ኮበድ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ፣ ጢሙን ይዞ፣ ፈገግ ብሎ በመሐል።
"አልሐምዱሊላህ!" አለ። "ሰባት ጊዜ ቤቴን ነቅዬ ተክያለሁ፣
ሰባት ጊዜ ቆርቆሮዬን በጀልባ ጭኜ ሸሽቻለሁ፤
ደረቅ መሬት ከደረሰችስ እዚያው ትቅር፣ አትመልሻት፤
ወንድሜ ሞፊዝ እዚያ ተቀብሯል፤ ይዛው ሄዳ እንደሆን ብቻ ጠይቂያት።"

ምን ይመለሳል?

ከጎረቤት ወረዳ ፋይል የጎደለውን ወንድም ተዋስኩ፣
ስሙን ለውጬ፣ እንደ ጉዲፈቻ ልጅ፣ ከቤተሰቡ ቀላቀልኩ።
ስክሪኑ አንዴ ተንቀጠቀጠ። መንደሩ በረሃውን ለቆ፣
ባሕር ሳይነካ፣ ተራራ ሳይወጣ፣ ከቤቱ ገባ ተጠንቅቆ።
ገባ፣
ግን ቤቱ ሰማያዊ ነው።

የዘንድሮውን የሳተላይት ምስል ነበር ከሥሩ የዘረጋሁት፤
ሦስት መቶ አሥራ አንድን፣ አንድ ማዕዘን ሳይጎድለው፣ ወንዙ መሐል አገኘሁት።
"ይኸ ጓሮዬ፤ ይኸ በር፤ እዚህ ጋ ላማችን ትታሰር ነበር።"
ጣቱ የነካው ሁሉ ውኃ ነው።
አሻራው ስክሪኑ ላይ ቀረ፣ ትንሽ ደለል የመሰለ ነገር።

የአለቃዬ መመሪያ ግልጽ ነው፦ "በውኃው ልክ ቁረጪ፣ የሰመጠውን ሰርዢ።"
አንዲት ቁልፍ ናት። ጣቴ ደርሳለች።
"ልጄ" አለ፣ "ውኃ እንደሁ ይሸሻል፤ አንቺ አትሽሺ።"

ሌላ ፎልደር ከፈትኩ። የሰመጡትን ሁሉ ወደዚያ አሻገርኩ።
አንድ አምድም ጨመርኩ፤
ስሙ ካሥር ፊደል እንዳይበልጥ የፋይሉ ሕግ ነው፣
"ይመለሳል" አልኩት፤ አምስት ነው፤ ገና ቦታ ተረፈው።

ነጥቡን በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩለት፣ ሁለት ረጃጅም ቁጥር፤
ከካርታው ጎን አስቀመጠው፣ ሳጥኑን አሰረው በሽቦ ጠፍር።

በማግሥቱ ጀልበኛው ነገረኝ፦ ወንዙ መሐል "ሞተሩን አጥፋ" አለው፣
ጠፍጣፋ ውኃ ነው፣ ምልክት የለው፣ አንድ ወፍ እንኳ የለው።
ስልኩን ከወረቀቱ እያስተያየ፣ "ትንሽ ግራ፣ ትንሽ" ሲል ቆየ ጀልበኛው።
ቁጥሩ ከቁጥሩ ገጠመ፤ የውኃው ጩኸት አለቀ፤
ኮበድ ጀልባዋ ውስጥ ብድግ ብሎ ጫማውን አወለቀ።